ሁለት ቀን፣ ርካሽ ቲኬት፣ አንድ ኡምራ፦ ተረቱና እውነታው

ሪያድ ወይም ደማም ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ መካ እንደዛሬው ቀርባው አታውቅም። ከሪያድ ጅዳ በመኪና 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋጋውን የሠራተኛው ኪስ እንዲችለው ያደረጉት ርካሽ የሚባሉት አየር መንገዶች ናቸው። ሳማ እና ናስ ኤር በ2007 ሥራ ጀመሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳማ በ2010 ሲዘጋ ናስ ኤር ቀጠለ፤ ቆይቶም ስሙን ወደ ፍላይናስ ቀየረ። የሳውዲያ አየር መንገድ ንብረት የሆነው ፍላይአዲል ደግሞ በመስከረም 2017 ከጅዳ ወደ ሪያድ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ዛሬ ሐሙስ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ኡምራውን አድርጎ፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ የሚገባው ወገናችን ብዙ ነው።

ከዚህ ጉዞ ጋር አብሮ የሚዞር ወሬም አለ። አንዳንዱ ወሬ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ኢባዳውን ራሱን ያጎድላል።

«ርካሽ ከሆነ አውሮፕላኑ አሮጌ ነው»

አይደለም። ፍላይናስም ፍላይአዲልም በአገር ውስጥ መስመር በአብዛኛው የሚያበሩት የኤርባስ ኤ320 ቤተሰብን ነው፤ ብዙዎቹም አዲሱ ኒዮ የሚባለው ዓይነት ናቸው። ዋጋው የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው፦ በአብዛኛው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ስለሚይዙ የአብራሪ ሥልጠናውና የመለዋወጫው ወጪ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ ስለማይቆም በቀን ብዙ ጊዜ ይበራል፤ ምግብ፣ ሻንጣና የመቀመጫ ምርጫ ለየብቻ ይሸጣሉ።

«ስልኩ ላይ ያየሁት ዋጋ የምከፍለው ዋጋ ነው»

ይህ የሚሆነው የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዞ፣ ቀኑን ሳይቀይር፣ የደረሰውን ወንበር ተቀብሎ ለሚሄድ ሰው ነው። ዝቅተኛው ቲኬት ብዙ ጊዜ 7 ኪሎ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይፈቅዳል። ለኡምራ 7 ኪሎ ይበቃል፤ የሚያሳስበው መልሱ ነው። ለዘመድ የሚያዝ ስጦታ፣ ቴምርና ዘምዘም ሲጨመር ኪሎው ያልፋል፤ ትርፉን ኪሎ አየር ማረፊያ ላይ መክፈል ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ከመክፈል ይበልጥ ውድ ነው። ዘምዘምን በሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስገባት አይፈቀድም። የታሸገውን የ5 ሊትር ካርቶን ነው የሚቀበሉት፤ እንዴት እንደሚቆጥሩት የየአየር መንገዱን ደንብ አስቀድሞ ማየት ይሻላል። ፀጉር መቁረጫ መቀስ በእጅ ቦርሳ ይዞ ፍተሻ ላይ መጨነቅም አያስፈልግም። ኡምራው በሚያልቅበት በመርዋ በኩል ሲወጡ ፀጉር ቤቶቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ በተለይ መነገር ያለበት የሰዓት ጉዳይ አለ። ለእኛ «ሐሙስ ከሌሊቱ 7፡30» የሆነው በረራ ቲኬቱ ላይ 01:30 ተብሎ የሚጻፈው ዓርብ ቀን ነው፤ ምክንያቱም በአየር መንገዶቹ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተለውጧል። ቲኬቱ ላይ ሐሙስን የመረጠ ሰው ረቡዕ ሌሊት መነሳት ነበረበት ማለት ነው። ርካሽ ቲኬት ደግሞ ካመለጠ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም።

«ኢህራሙን ጅዳ ደርሼ እለብሳለሁ»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቲኬት ካመለጠበት ሰው የበለጠ የሚያሳዝነኝም ይህን የማያውቅ ነው። ከሪያድም ከደማምም የሚመጣ ሰው ሚቃቱ (ኢህራም ሳይገባ የማያልፈው ድንበር) በጣኢፍ በኩል ያለው ቀርን አል-መናዚል ነው፤ ዛሬ አስ-ሰይል አል-ከቢር ይባላል። አውሮፕላኑ ጅዳ ከማረፉ በፊት በዚያ አቅጣጫ ያልፋል። ጥቂት ዑለማዎች ጅዳን እንደ ሚቃት ቢቆጥሩም፣ መቀመጫው እዚያው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1986 በሰጠው ውሳኔ በየብስ፣ በባሕርም ሆነ በአየር የሚመጣ ሰው ሚቃቱን እንዲጠብቅ ወስኗል። ኡምራን ነይቶ ሚቃቱን ያለ ኢህራም ያለፈ ወደ ሚቃት ይመለሳል፤ ካልተመለሰ እርድ አለበት። በሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ ወደ ጣኢፍ መንገድ ተመልሶ መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለእርዱ የሚገዛው በግ ደግሞ ከቲኬቱ ይወደዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወንዱ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ቤቱ ወይም መነሻው አየር ማረፊያ ላይ ይልበስ፤ ሴቷ የዘወትር ጨዋ ልብሷ ይበቃታል፤ ኒቃብና ጓንት ብቻ ትተው። ኒያውን አስተናጋጆቹ ሚቃት መቃረቡን ሲያሳውቁ ማድረግ ነው። እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሰው ጎኑ ያለውን ቀስቅሰኝ ይበል፤ ወይም ቀደም አድርጎ ይነይት።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የጉዞ ምክር አለ። «ዓርብን ጅዳ ኮርኒሽ ላይ ልዋል፣ ቅዳሜ ኡምራ አደርጋለሁ» የሚል ሰው ኢህራም ውስጥ ሆኖ አንድ ቀን ሊቆይ ነው፤ ያንን ሽሽት ሲል ነው ሚቃቱን የሚያልፈው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው፦ መጀመሪያ መካ፣ ከዚያ ጅዳ።

«መካ ድረስ እበራለሁ»

መካ አየር ማረፊያ የላትም። አብዛኛው ተጓዥ በጅዳው ንጉሥ አብዱልአዚዝ አየር ማረፊያ ነው የሚያርፈው። ከጅዳ ከተማ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2018 የተከፈተው የሐረመይን ፈጣን ባቡር በአየር ማረፊያው ተርሚናል 1 ውስጥ ጣቢያ አለው፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ መካ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ባቡሩ ግን ሐረም (ታላቁ መስጊድ) ደጃፍ አያወርድም፤ ጣቢያው ሩሰይፋ ሰፈር ስለሆነ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። «የሰዓቱ ማማ የሚታይበት ሆቴል» የሚለው ማስታወቂያም አያታልል። ሐረም አጠገብ ያለው ይህ ማማ 601 ሜትር ነው፤ ከሩቅ ሰፈርም ይታያል።

«ለኡምራ ሁለት ቀን አይበቃም»

ይበቃል። ሰባት ዙር ጠዋፍ፣ ሁለት ረከዓ፣ በሰፋና መርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ሰዕይ (በድምሩ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል)፣ ከዚያ ፀጉር መላጨት ወይም ማሳጠር። ሰው ሲቀንስ ሁሉም በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ሳውዲ በሰኔ 2013 የሳምንቱን ዕረፍት ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ስላዞረች አገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሐሙስ ማታ ነው፤ በረራውም ውድ የሚሆነው ያኔ ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት በሐረም ዙሪያ መጨናነቁ ከባድ ነው። በሳምንቱ መካከል ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሠራተኛ በዋጋም በእፎይታም ይጠቀማል።

ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው በአገር ውስጥ ለመብረር ቪዛ አያስፈልገውም፤ የጸና ኢቃማውን ግን ያሳያል። የኡምራ ፈቃዱ የሚወጣው ኑሱክ በተባለው መተግበሪያ ነው፤ በነፃ። ለፈቃዱ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

«ክርስቲያን ጅዳ መግባት አይችልም»

ይችላል። ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለችው መካ ናት፤ ከጅዳ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ላይ ሙስሊም ያልሆነው የሚታጠፍበት ምልክት ተተክሏል። ጅዳ ግን ለሁሉም ክፍት ናት። በ2014 የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው አል-በለድ፣ በኮራል ድንጋይ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶቹና የእንጨት መስኮቶቹ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይገባቸዋል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለችው ሹዐይባ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ የተለየች ናት፤ የነቢዩ ባልደረቦች ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ከዚያ ወደብ እንደሆነ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ።

«ከአዲስ አበባም ቲኬት ቆርጬ መሄድ እችላለሁ»

ቲኬት ቪዛ አይደለም። በመስከረም 2019 የተጀመረው የኦንላይን የቱሪስት ቪዛ ለ49 አገሮች ነበር፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የኡምራ ቪዛውን ፈቃድ ባለው ወኪል በኩል ያውጣ፤ ቲኬቱን ከዚያ በኋላ ይቁረጥ።

«በዚሁ ቲኬት ሐጅም አደርጋለሁ»

ይህኛው ሕይወት ያስከፍላል። በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ሊያደርግ የሞከረ ሰው ቅጣቱ እስከ 20,000 ሪያል ነበር፤ ኢቃማ ያለው ነዋሪ ከተያዘ ከአገር ይባረራል፤ ለ10 ዓመትም አይመለስም። በ2024 ሐጅ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ባለፈበት ሰሞን 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳውዲ መንግሥት ሲያስታውቅ፣ 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑ ገልጿል። ድንኳንም ማረፊያም ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ናቸው። በሐጅ ሰሞን፣ በዙልቂዕዳና በዙልሂጃ ወራት፣ ርካሽ ቲኬት አግኝቼልሃለሁ፣ መካንም እኔ አስገባሃለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አትሂዱ።