ብርድ የሚፈሩ ክትባቶች

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀመጣል፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ይህን እናቶችም ያውቁታል። እኔን የሚያሳስበኝ የተዘነጋው ጠላት፣ ብርድ ነው።

የፖሊዮ ጠብታን ማቀዝቀዝ አይጎዳውም፤ በትልልቅ መጋዘኖች የሚቀመጠውም ፍሪዘር ውስጥ ነው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄትም ቢቀዘቅዝ አይሞትም። «ይበልጥ ከቀዘቀዘ ይበልጥ ይጠበቃል» የሚለው ልማድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በኋላ የመጡት ግን ሌላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፔንታቫለንት ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብን ባንድ መርፌ ይከላከላል። በ2011 የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ)፣ በ2018 ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ተከተሉ። ሦስቱም በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው።

ምክንያቱ አሉሚኒየም ነው። የክትባቱ ፍሬ ነገር በደቃቅ የአሉሚኒየም ጨው ላይ ተጣብቆ ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። ውሃው በረዶ ሲሠራ ደቃቆቹን እርስ በርስ ገፍቶ ያጓጉላቸዋል፤ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለሱም። ሕፃኑ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ይሞላል፤ መከላከያው ግን ተዳክሟል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትባት ምልክት አለች፦ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ክብ፣ በመሃሏ ነጣ ያለ ካሬ ያላት። ካሬው እንደ ዙሪያው ከጠቆረ ክትባቱ ይጣላል። ግሩም ፈጠራ ናት፤ የምትቆጥረው ግን ሙቀትን ብቻ ነው። በረዶ የሠራ ብልቃጥ ላይ ካሬዋ ነጭ እንደሆነች ትቀራለች። እባካችሁ፣ «ካሬው ነጭ ነው» ብላችሁ ብቻ አትውጉ!

ኢሉባቦር ውስጥ ነገሩ ይብሳል። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ወደ ክትባት መያዣው ከመግባቱ በፊት ላብ ማውጣትና ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ ማሰማት አለበት። በጋምቤላ ሙቀት ቶሎ ይላላል፤ ዝናብ በማይለያት፣ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎሬ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ የቸኮለ ሰው አይጠብቅም። ከጎሬ ወጣ ባለ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይስ ፓኩን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ስትነቀንቅ አይቻለሁ። ሰዎች ደጅ ተሰልፈው ነበር፤ እሷ ግን አልተጣደፈችም። እጅግ አከበርኳት።

ጥርጣሬ ካለ መፈተኛው ቀላል ነው። ከዚያው የፔንታቫለንት ባች አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ እንዲሠራ ይደረግና ይቀልጣል። ከተጠረጠረው ጋር እኩል ተነቅንቆ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ እስከ 30 ደቂቃ ይታያል። በረዶ የሠራው ቶሎ ይዘቅጥና ከላዩ ይጠራል። የተጠረጠረውም እኩል ከዘቀጠ ይጣል።

ዛሬ በአይስ ፓኩና በብልቃጡ መካከል መከለያ ያላቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበላቸው መያዣዎች አሉ፤ አይስ ፓኩ እስኪላላ መጠበቅ አያሻቸውም። ከድሮዎቹ ግን ይከብዳሉ፤ ከመቱ ከተማ ርቃ በጫካና በጭቃ መንገድ በእግር ለምትጓዝ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።