የአየሩ ሒሳብና የብሩ ሒሳብ፦ ትናንሽ የኪራይ አውሮፕላኖች በአሶሳ

ለአፍታ አንድ ነገር አብረን እናስብ። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቦታው አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በሜዳው ዳር ሦስት ባለ አንድ ሞተር ትናንሽ አውሮፕላኖች ቆመዋል እንበል። ባለቤታቸው ፈቃድ ላላቸው የአካባቢው አብራሪዎች በሰዓት ሒሳብ ያከራያሉ። አንድ ወጣት አብራሪ ሦስት ሰዎች አሳፍሮ ወደ ፓዊ ለመብረር ገንዘቡን ቆጥሮ መጥቷል። አከራዩ ግን ቴርሞሜትሩን አይተው፣ «ልጄ፣ ገንዘብህን ያዘው፤ ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ና» ብለው ይመልሱታል።

አውሮፕላኑ አለ፤ ነዳጁም አለ፤ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ታዲያ ነጋዴ የመጣለትን ገበያ ስለምን ይመልሳል? በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱ ግማሹ በፊዚክስ፣ ግማሹ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ተለያይተው ሊነበቡ እንደማይችሉም እናሳያለን።

ስለ ስፍራው ጥቂት እንበል። የዓባይ ወንዝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። አሶሳና ካማሺ ከወንዙ በስተደቡብ፣ መተከል በስተሰሜን ይገኛሉ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከኋላው ሰፊውን የንጋት ሐይቅ አንጣሏል። በቀጥታ መስመር ሲለካ ከአሶሳ እስከ ፓዊ ያለው ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ትንሽ አውሮፕላን ይህ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ሸለቆውን ዞሮ ለሚሄድ መኪና ግን፣ ይልቁንም በክረምት፣ ነገሩ ሌላ ነው። አሶሳን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራ አለ። እኛ የምናነሳው ግን በዚያው በክልሉ ውስጥ፣ ጥቂት ሰዎች ወይም ጥቂት ኪሎ ዕቃ ይዞ፣ በተፈለገው ቀን የሚነሳውን አውሮፕላን ነው።

አየሩ ሲሳሳ

አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ1,560 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ አየሩም ይሳሳል። ሙቀት ደግሞ የቀረውን አየር ይበልጥ ያሳሳዋል። የበረራ ባለሙያዎች እነዚህን ሁለቱን አጣምረው «የእፍጋት ከፍታ» በሚባል አንድ ቁጥር ይገልጿቸዋል። ትርጉሙም፣ አውሮፕላኑ የቆመበት ስፍራ ምንም ይሁን ምን፣ ክንፉና ሞተሩ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ያህል ይሰማቸዋል ማለት ነው።

ስሌቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ አይከብድም። ዓለም አቀፉ መደበኛ ከባቢ አየር በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በአሶሳ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ያህል እንደምራለን። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 25 ዲግሪ ነው፤ ይህም 900 ሜትር ይሆናል። 1,560 ሲደመር 900፣ 2,460 ሜትር። ማለዳ ላይ 18 ዲግሪ ቢሆን ግን ውጤቱ 2,030 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,330 ሜትር ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ በቀትር የአሶሳ አየር መደበኛ ሙቀት ካለው የቦሌ አየር ይበልጥ የሳሳ ነው ማለት ነው።

የሳሳ አየር ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይነካል። አንደኛ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ስለሚያንስ ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት። በደከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት መፈለግ ማለት ረዥም መንደርደር ማለት ነው። በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ርቀት ያስፈልጋል። ከዚያም የከፋው፣ መንኮራኩሩ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ አውሮፕላኑ የሚወጣው ቀስ ብሎ መሆኑ ነው። ማኮብኮቢያው ረዥም ቢሆን እንኳ ከፊት ያለው ኮረብታ አይጠብቅም።

ወንበር ሁሉ ወንበር አይደለም

በዓለም ላይ ለሥልጠናና ለኪራይ በብዛት የሚያገለግለውን ሴስና 172 እንውሰድ። አራት መቀመጫ አለው። «ኤስ» በሚባለው ሞዴል ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ባዶው አውሮፕላን 760 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለሰው፣ ለዕቃና ለነዳጅ የሚቀረው 400 ኪሎ ግራም የማይሞላ ነው። የነዳጅ ታንኮቹ ቢሞሉ 200 ሊትር፣ ማለትም 144 ኪሎ ግራም ይወስዳሉ። ለሰዎች የቀረው 250 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አራት መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ታንኩ ሲሞላ የሚይዘው ሦስት ጎልማሶችን ከጥቂት ሻንጣ ጋር ነው። ይህም በወረቀት ላይ ያለው ወሰን ነው። በቀትር ሙቀት ጥንቁቅ አከራይ ከዚህም ይቀንሳል።

መፍትሔው ነዳጅ መቀነስ ይመስላል። አብራሪው ፓዊ ላይ ነዳጅ አላገኝም ብሎ የደርሶ መልሱን ከአሶሳ ይያዝ እንበል። 500 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 34 ሊትር ሒሳብ 77 ሊትር ይሆናል። ለመጠባበቂያ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ሲጨመር 94 ሊትር ይደርሳል፤ ወደ 100 እናጠጋጋው። ከሙሉ ታንክ 100 ሊትር ሲቀነስ 72 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የአንድ ሰው ክብደት ይገኛል። እዚህ ላይ ነው ፈተናው። «መጠባበቂያውንም ብቀንሰው አንድ ተሳፋሪ እጨምራለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከታች ግን ሸለቆና ሐይቅ ነው፤ ሞተሩም አንድ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በአየር ላይ የፈሰሰውን ግን የሚለቅም የለም።

ሰዓት የሚባለው ሸቀጥ

አሁን ወደ አከራዩ መዝገብ እንሻገር። አከራይ የሚሸጠው አውሮፕላን ሳይሆን ሰዓት ነው። ሞተሩ ሲሠራ በሚቆጥር መለኪያ እየታየ ይከፈላል። ነዳጁን ጨምሮ የሚከፈልበት ኪራይ አለ፤ ተከራዩ ነዳጁን ራሱ የሚሸፍንበትም አለ።

ወጪው ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚው ወጪ መድን፣ ሃንጋር፣ የመካኒክ ደመወዝና የባንክ ወለድ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ በረረም አልበረረም ይከፈላል። ተለዋዋጩ ወጪ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማና ለሞተር እድሳት የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ የአንድ አውሮፕላን ቋሚ ወጪ በዓመት 3 ሚሊዮን ብር ነው ብለን እናስብ። በዓመት 100 ሰዓት ብቻ ቢበር እያንዳንዱ ሰዓት 30,000 ብር ይሸከማል። 500 ሰዓት ቢበር 6,000 ብር ብቻ ይሸከማል። አውሮፕላኑ ያው ነው፤ አብራሪውም ያው ነው፤ አንዱ ሰዓት የሚሸከመው ቋሚ ወጪ ግን በአምስት እጥፍ ይለያያል። ኪራዩ ሲወደድ ተከራይ ይሸሻል፤ ተከራይ ሲሸሽ ሰዓቱ ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ሲቀንስ ኪራዩ እንደገና ይወደዳል።

አለመብረር ገንዘብ ከማሳጣቱም ሌላ ሞተሩን ይጎዳል። አሶሳ ላይ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በላይኮሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ ከላይኛው ክፍል ስለሚገኝ፣ ሞተሩ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ለእርጥበት ይጋለጣል። ከዚያ የሚመጣው ዝገት ነው። በታንኩ ውስጥም እርጥበት ወደ ውኃ ይለወጣል። ስለዚህ አብራሪ ከመነሳቱ በፊት ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ውኃ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል።

ጥገናውም በሰዓት ይቆጠራል። በብዙ አገሮች አሠራር የኪራይና የሥልጠና አውሮፕላን በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይፈተሻል። ለሴስና 172 ሞተር አምራቹ የሚመክረው የእድሳት ጊዜ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። አንዱ አውሮፕላን ለፍተሻ ሲቆም ሌሎቹ ሥራውን እንዲቀጥሉ፣ መለዋወጫውና የመካኒኩም ዕውቀት ለሁሉም እንዲያገለግል፣ ሦስት ዓይነት አውሮፕላን ከመግዛት አንድ ዓይነት ሦስት መግዛት ይሻላል።

የነዳጁ ነገር

ሴስና 172 የሚጠቀመው ነዳጅ አቭጋዝ ይባላል፤ እስከ ዛሬም በአብዛኛው እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። የመኪና ቤንዚን ከእርሳስ በዓለም ዙሪያ የጸዳው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የትናንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ግን ከዚህ ወደ ኋላ ቀርቷል። አቭጋዝ የሚያመርቱት ማጣሪያዎች ጥቂቶች በመሆናቸው በአፍሪካ ብርቅና ውድ ነው። የመንገደኛ ጄቶች የሚቀዱት የጄት ነዳጅ ግን በብዙ ማረፊያ ይገኛል።

እንደ ዳይመንድ ዲኤ-40 ኤንጂ ያሉ አውሮፕላኖች በጄት ነዳጅ የሚሠራ፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አላቸው። ቱርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ሞተሩ በቀትር እንደ ሌላው አይደክምም። ሆኖም ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቱርቦ የሚረዳው ሞተሩን ብቻ ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩ ያንኑ የሳሳ አየር ነው የሚያገኙት። አውሮፕላኑም ለመግዛትም ለመጠገንም ይወደዳል። ስለዚህ የአየሩን ችግር በመሣሪያ ማቃለል ቢቻልም ዕዳው ወደ ብሩ መዝገብ ይዛወራል።

ከናይሮቢ የሚገኝ ትምህርት

«እንዲህ ከሆነ በደጋ አገር ይህ ሥራ አይቻልም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ በጎረቤት አገር ይገኛል። የናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ1,690 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይኸውም ከአሶሳ ጥቂት ከፍ ይላል። የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ በ1927 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባሉ ሴትም በ1929 በአንዲት ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን የበረራ ኩባንያ ጀመሩ። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ማረፉን ልብ ይሏል። ዛሬ ዊልሰን የበረራ ትምህርት ቤቶች፣ የቱሪስት በረራና የአየር ሐኪሞች አገልግሎት የሚገናኙበት ስፍራ ነው።

ናይሮቢ ያገኘችው የተለየ አየር ሳይሆን ሰዓት ነው። ተማሪው፣ ቱሪስቱና ሐኪሙ በአንድ ሜዳ ተገናኝተው የአውሮፕላኑን ቀን ሞሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አሶሳ ላይም አንድ ተከራይ ብቻውን ሃንጋር አያቆምም። ሥልጠናው፣ የጤና ጉዞው፣ የቅየሳና የአየር ፎቶግራፍ ሥራው ተደምረው ግን ሊያቆሙት ይችላሉ። የአሶሳ ማንጎ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ በኪሎ የሚከፈለውን የአየር ጭነት ዋጋ አይሸከምም። ስለዚህ ሰዓቱን የሚሞላው ፍሬ ሳይሆን ሰውና ሙያ ነው።

አሁን በቀትር ወደ ተመለሰው ወጣት እንመለስ። አከራዩ የአንድ ቀን ገበያ አጥተዋል። ነገር ግን አንድ አደጋ ከሰው ሕይወት ሌላ መድኑን ያስወድዳል፤ ተከራዮችንም ያሸሻል፤ የሦስቱንም አውሮፕላኖች ሰዓት ባዶ ያደርጋል። እንግዲህ አልከራይም ማለታቸው ደግነት ብቻ ሳይሆን ንግድም ነው። በማግሥቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያው አውሮፕላን፣ ያው አብራሪ፣ የተመዘነ ጭነትና የተቆጠረ ነዳጅ ይኖራሉ። የእፍጋት ከፍታው ደግሞ 430 ሜትር ዝቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ይህን ቁጥር በወረቀትና በእርሳስ ማውጣት የሚችል ተማሪ፣ አብራሪ ለመሆን ከሚያስፈልገው ትምህርት አንዱን ጀምሯል ማለት ነው።