ፊታውራሪ መሸሻ ያበላሹት ስም

በአማርኛ አንባቢ ዓይን «ልጄን አልሰጥም» የሚል አባት ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ መልክ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በየቤቱ የገባው ልቦለድ፣ የጎጃምን አባት በአንድ ሰው ቀርጾ አስቀረልን። የማንኩሳው የባላገር ልጅ በዛብህ ዲማ ገብቶ የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አስተማረ፤ ተዋደዱ፤ አባትዬው አጥንት ቆጠሩ፤ መጨረሻው መቃብር ሆነ። ደራሲው ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው ያደጉ ናቸውና የሚያውቁትን ጻፉ፤ የፈረዱትም ትክክል ነው። የተሳሳትነው እኛ አንባቢዎቹ ነን። ከዚያ ወዲህ አማቹ ሊሆን የመጣውን ሰው ትክ ብሎ ያየ፣ «የዚህ ልጅ ዓይን ያረፈው ከልጄ ላይ አይደለም» ብሎ የጠረጠረ አባት ሁሉ በፊታውራሪው ስም ይሰደባል። ስድቡ ያለ ቦታው ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ የጠየቁት «የማን ዘር ነው?» ብለው ነው። ጠርጣራው አባት የሚጠይቀው «ምን ፈልጎ መጣ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ከመወለዱ በፊት ያለቀለትን ነገር ያነሣል፤ ምንም ቢያደርግ መልሱን መለወጥ አይችልም። ሁለተኛው ግን ስለ ሰውየው ሥራ፣ ስለ ልቡና ስለ እጁ ነው፤ መልሱም በሰውየው እጅ ነው። በዛብህን በሁለተኛው ጥያቄ ቢፈትኑት ኖሮ ያለ አንዳች ችግር ያልፍ ነበር፤ ከሰብለ በቀር የሚፈልገው ነገር አልነበረውማ። እንዲያውም እኔን የሚያሳዝነኝ ፊታውራሪ መሸሻ መጠርጠራቸው አይደለም፤ የሚጠረጠረውን ነገር አለማወቃቸው ነው። አጥንቱ የጠራ ጥቅመኛ ቢመጣባቸው በየት በኩል ይለዩት ነበር?

ጥርጣሬው ደግሞ ከክፋት ሳይሆን ከመሬቱ የበቀለ ነው። በጎጃም ርስት ለወንድ ብቻ አይወርድም ነበር፤ ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ወገን ትወርስ ነበር። ደጋ ዳሞት ውስጥ ገብቶ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በሰፊው አሳይቷል። ሴት ልጅ ባለ ርስት ናት ማለት ግን አማች በሚስቱ በኩል ገብቶ ሊያርስ፣ ሊሟገት፣ ሊተክል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የባላገር አባት አማቹን የሚያየው እንደ ልጁ ባል ብቻ ሳይሆን ነገ በድንበሩ ላይ እንደሚቆም ሰው ጭምር ነበር። ለዚህም መላ ተበጅቶለት ነበር፤ የሰማንያ ጋብቻ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብት ይቆጠራል። ይህ ወገን በሬ ሲያቆም ያኛው ወገን ከዚያ የማያንስ ያቆማል፤ ጥገት ላም ከነጥጃዋ ስትቀርብ ከወዲያ ምን እንደሚመጣላት ይጠየቃል፤ ዋስ ይጠራል። ሲፋቱም ንብረቱ በሽማግሌ ፊት ይካፈላል። ዛሬ ለጆሯችን የገበያ ክርክር ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ባዶ እጁን መጥቶ በሰው ልጅ በኩል መክበር የሚያስብ ሰው መቆሚያ አልነበረውም። ጥርጣሬውን ሥርዓቱ ራሱ ስለሚሠራው አባት ፊቱን ማጥቆር አያስፈልገውም ነበር።

ያ ሥርዓት አሁን ሳስቷል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ድልድል ለሴቶችም በስማቸው ይዞታ ሰጠ፤ ከዚያም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መጣ፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ተመዝግቦ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ከተማ ውስጥም ልጅቷ ደመወዝተኛ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ሊኖራት ይችላል፤ ውጭ አገር ያለች እንደሆነ ደግሞ ራሷ መንገድ ናት። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሴት ልጅ ሀብት በዛ፣ ሀብቱን የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ደግሞ ቀሩ። ሽማግሌ ዛሬም ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ምርቃት እንጂ ምርመራ አያውቅም። በሠርጉ ዙሪያ ካለው ሰው ሁሉ «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ የመጠየቅ ሸክም የወደቀው በአንድ ሰው፣ በአባት ላይ ነው፤ ያም ሰው ስለ ጠየቀ ይጠላል።

ጥርጣሬ የኋላ ቀር አባት ጠባይ ነው ለሚል ሰው የአሜሪካን መንግሥት ላሳየው። የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ የሚገባን ሰው ኤምባሲ አስቀምጦ የት ተዋወቃችሁ፣ ፎቶ አምጡ፣ ሠርጋችሁ ላይ ማን ነበረ ብሎ ይጠይቃል። ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ የሁለት ዓመት ሙከራ ያለበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ትዳሩ የእውነት መሆኑን በማስረጃ እንደገና ያሳያሉ። ለአንድ ግሪን ካርድ ይህን ያህል ከተጠረጠረ፣ ለሃያ አምስት ዓመት ያሳደጉት ልጅ መጠርጠር እንዴት ነውር ይሆናል?

«ፍቅር ግን በሚዛን አይሰፈርም» ይባላል። እዚህ ላይ ሌላ አባት ይረዳናል፤ ሄንሪ ጀምስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው «ዋሽንግተን ስኩዌር» ውስጥ ያለው የኒው ዮርኩ ሐኪም ዶክተር ስሎፐር። ታሪኩን ለደራሲው የሰጡት አንዲት እንግሊዛዊት ተዋናይት ናቸው፤ የገዛ ወንድማቸው በአንዲት ባለጸጋ ልጅ ላይ የሠራውን ነግረውት ነው። ልቦለዱ ውስጥ ካትሪን የምትባል ዓይን አፋር ልጁ ከእናቷ የወረሰችው ገንዘብ አላት፤ ከአባቷ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መልከ መልካምና ሥራ ፈት የሆነ ሞሪስ የሚባል ሰው ይመጣል። አባትዬው ዝም ብሎ አይጮኽም፤ ሄዶ የሞሪስን እህት ያነጋግራል። እህትየዋ ባሏ የሞተባትና ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ወንድሟ በእርሷ ላይ ተጭኖ ይኖራል። በመጨረሻ አልቅሳ ልጅዎን አይስጡት ትለዋለች። አባት ልክ ነበር፤ ሞሪስ የአባት ውርስ እንደማይመጣ ባረጋገጠ ጊዜ ልጅቷን ጥሎ ሄደ። ፍቅርም አልተሰፈረም፤ የተሰፈረው ፍቅር ነኝ ያለው ነገር ነው። እውነተኛ ፍቅር በዚህ ሚዛን አይጎድልም።

እዚሁ ላይ ግን የአባቶችን ጥፋት ሸፍኜ አላልፍም። ዶክተር ስሎፐር ስለ ሰውየው ልክ ሆኖ ስለ ልጁ ተሳስቷል፤ ሞኝ ናት ብሎ ያሾፍባት ነበር። ካትሪን ሳታገባ የቀረችው በሞሪስ ክህደት ብቻ አይደለም፤ አባቷም እንደማያከብራት በማወቋ ጭምር ነው። በእኛም አገር አባትነት ንጹሕ ታሪክ የለውም። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ሲድሩ ዘውዱን ያሰሉት አባትዬው ነበሩ። በየጎጡም ገና ጡቷ ያልወጣ ልጅ ለከብትና ለዝምድና ስትሰጥ ኖራለች፤ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻ ሲገፉ ኖረዋል። «አባት ያውቃል» ብሎ መከራከር እንግዲህ አይቻልም።

የምከራከረው ግን ለሥልጣኑ አይደለም፤ ሥልጣኑማ ተወስዷል፤ ደግ ተደረገ። ሕገ መንግሥቱም የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃ ፈቃድ ላይ አቁመውታል፤ ዕድሜም 18 ነው። ያደገች ልጅ አባቷ እንቢ ቢልም ታገባለች። መከልከል የማይችል አባት ጥርጣሬ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ የቀረው አፉ ብቻ ነው። አፉ ደግሞ እንዲሰማ ከፈለገ ማስረጃ ይዞ መናገር አለበት። ጠርጣራው አባት ከዛሬው ሕግ ጋር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው።

የሚቀረው ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ ድኃ ሁሉ ጥቅመኛ ተብሎ አይገፋም ወይ? ይገፋል፤ ጠያቂው ሰነፍ ከሆነ። ድህነትና ጥቅመኝነት ግን የሚለያዩበት ቦታ አለ። ድኃ ሠራተኛ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲጠየቅ ይናገራል፤ ጥቅመኛው ስለ ልጅቷ ቤት ይጠይቃል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው፣ ጥቅመኛው የት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ካለበት መንደር ይሸሻል። አባት ስለዚህ ወደ ሰውየው አገር ሄዶ ይጠይቅ፤ ስለ አጥንቱ አይደለም፤ ያበደሩትን ሰዎች፣ አብረውት የሠሩትን፣ እህቶቹን። ከዚያ ልጅቷን ከሀብቷ ነጥሎ ያቅርብለት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው ይላል፤ ሆኖም ከዚያ የሚገኘው ገቢ፣ ለምሳሌ የቤቱ ኪራይ፣ የጋራ ይሆናል፤ የግል ነው የሚልም ወገን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ የጋብቻ ውል ይጻፍ፤ አራት ምስክር፣ ሁለት በእርሷ ሁለት በእርሱ በኩል። ቤቱ የእርሷ፣ የሚያፈሩት የሁለቱም።

ድኃው ልጅ ወረቀቱን ሲያነብ ምናልባት ይከፋዋል፤ ኩራቱ ይነካል፤ አባትዬውንም ለዓመታት ላይወዳቸው ይችላል። ሆኖም ይፈርማል፤ ከወረቀቱ ላይ የተነሣበት ነገር የእርሱ አልነበረምና። ሌላው ግን «አላመናችሁኝም» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ልጅቷም እዚያው ተቀምጣ ታየዋለች።