ከቦርዶ እስከ ዝዋይ፦ የፈረንሳይ ወይን በስምጥ ሸለቆ

አማርኛ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀውን መጠጥ ከማሩ ጋር አዛምዶ “የወይን ጠጅ” ይለዋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዝዋይ (ባቱ) የሚመረተው የወይን ጠጅ ግን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከጠጅ ቤት ሳይሆን ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ነው።

ቦርዶ የጋሮን እና የዶርዶኝ ወንዞች ተገናኝተው ወደ አትላንቲክ በሚዘልቁበት ስፍራ የተዘረጋ የወይን አገር ነው። ጠባዩን የሚወስነው በዋናነት አፈሩ ነው። በግራው ዳርቻ፣ በሜዶክ፣ ጠጠራማው መሬት የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይስማማል። በቀኙ፣ በሴንቴሚሊዮን እና በፖምሮል፣ ቀዝቀዝ ያለው ሸክላማ አፈር ለሜርሎ ተመራጭ ነው። ጠማቂዎች ሁለቱን ያዋህዳሉ፤ የካበርኔ ምረት በሜርሎ ልስላሴ ይገራል። እአአ በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የወጣው የደረጃ ሰንጠረዥ ከጥቂት ለውጥ በስተቀር እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

መሠረቱ ቦርዶ የሆነው ካስቴል እአአ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቶ ኢትዮጵያ ገባ። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ከፈረንሳይ የመጡ ችግኞችን ዝዋይ ላይ ተከለ፤ የመጀመሪያው ምርት በ2014 ለገበያ ቀረበ። ከሜርሎ እና ከካበርኔ ጋር ሲራ እና ሻርዶኔም ተተክለዋል። እነዚህ ሁለቱ በትውልድ የሮን እና የቡርጎኝ ናቸውና ማሳውን “ትንሿ ቦርዶ” ማለት ማጋነን ነው። ለኢትዮጵያም ቢሆን የወይን ጠጅ አዲስ አልነበረም፤ ጉደር እና አክሱማይት ከዚያ ቀድመው የታወቁ ናቸው።

ትልቁ ልዩነት የአየሩ ነው። በቦርዶ ተክሉ ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ ላይ የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ የዕድገቱን ዑደት የሚመራው የገበሬው መቀስ፣ ማለትም ግርዛቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጠው ከፍታ ደግሞ ሌሊቱን ያቀዘቅዛል፤ ይህም ፍሬው ኮምጣጣነቱን እንዳያጣ ይረዳል። ለቦርዶ ገበሬ እንግዳ የሚሆነው፣ በማሳው ዙሪያ ጉማሬ እና ጅብ እንዳይገባ የተቆፈረው ቦይ ነው።

አሳሳቢው ጉዳይ ውኃ ነው። በቦርዶ ወይኑ በአብዛኛው የሚጠጣው ዝናብ ነው፤ የዝዋይ አካባቢ እርሻ ግን ያለ መስኖ አይዘልቅም። ከሐይቁ የከተማው ነዋሪ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የአበባ እርሻው እና የአትክልት ገበሬው ሁሉም ይሻማሉ። ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ሲቀንስ በስተደቡብ ያለው የአቢጃታ ሐይቅ ይሸሻል፤ ዳርቻውም ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ብዙ ወደ ኋላ አፈግፍጓል።