ዳርት፣ ዕድልና ዘጠኝ ውርወራ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ጋምቤላ ሄጄ አራት ቀን ቆይቼ ነበር፡፡ ከተማዋን የሚያውቅ እንደሚመሰክረው ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ከቤት አያስወጣም፡፡ ሕይወት የሚጀመረው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው፡፡ ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ያኔ ከማንጎው ሥር ወንበር ይደረደራል፡፡ በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ የዳርት ቦርድ ተሰቅሏል፡፡ ቦርዱ አርጅቷል፤ ከላይ በኩል ሁሉም ሰው የሚያነጣጥርበት ቦታ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሊሆን ምንም አልቀረውም፡፡

በሁለተኛው ምሽት አንድ ወጣት አስተናጋጅ ሥራ ቀለል ሲለው እየመጣ ይወረውር ጀመር፡፡ እጁ ደህና ነው፡፡ ከደንበኞቹ አንዱ፣ ውጪ አገር ኖሮ የመጣ ይመስለኛል፣ «እውነተኛ ተጫዋች በዘጠኝ ይጨርሳል፡፡ አንተ በዘጠኝ ከጨረስክ አንድ ሳጥን ቢራ በእኔ ነው፤ ካልጨረስክ ግን በአንተ» አለው፡፡ ልጁ ለመቀበል አፉን ሲከፍት ባለሆቴሉ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ፡፡ «ነገ ቦርዱን አወርደዋለሁ! ቤቴ የቁማር ቤት ነው ልባል ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ፡፡ ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረና «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ይኼ የእንግሊዝ ጨዋታ ቁማር ነው አይደለም?» አለኝ፡፡

የአንድ ሳጥን ቢራ ዋጋ ለአስተናጋጅ ቀላል ገንዘብ አይደለም፡፡ ቦርዱ ከወረደ ደግሞ ልጁ ሌላ የሚወረውርበት ቦታ የለውም፡፡ በዚያ ምሽት የመለስኩት ግማሹን ነበር፡፡ ሙሉውን አሁን ልጻፈው፡፡

በመጀመሪያ «በዘጠኝ መጨረስ» ምን እንደሆነ እናስረዳ፡፡ የታወቀው የዳርት ጨዋታ የሚጀመረው ከ501 ነጥብ ነው፡፡ ተጫዋቹ በየተራው ሦስት ሦስት ዳርት እየወረወረ ያገኘውን ከ501 ላይ ይቀንሳል፤ ቀድሞ ልክ ዜሮ ላይ የደረሰ ያንን ዙር ያሸንፋል፡፡ «ልክ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት፡፡ 20 ቀርቶት 21 ያገኘ ሰው ተራው ይሰረዝበታል፡፡ በዚያ ላይ የመጨረሻዋ ዳርት የግድ በውጨኛው ቀጭን ቀለበት፣ ማለትም ቁጥሩን እጥፍ በሚያደርገው መስመር ላይ፣ ወይም 50 በሚያወጣው እምብርት ላይ ማረፍ አለባት፡፡

በአንዲት ዳርት የሚገኘው ከፍተኛ ነጥብ የ20 ሦስት እጥፍ፣ 60 ነው፡፡ ስምንት ጊዜ 60 ቢመታ 480 ይሆናል፤ 21 ይቀራል፡፡ ስለዚህ በስምንት መጨረስ በፍጹም አይቻልም፡፡ በዘጠኝ ግን ይቻላል፤ ስምንቱ 60፣ ዘጠነኛዋ 50 ብትሆን ድምሩ 530 ነው፡፡ ከዚህ ላይ 501 ሲቀነስ የሚተርፈው 29 ብቻ ነው፡፡ በዘጠኙም ውርወራ ተጫዋቹ ሊያባክን የሚፈቀድለት እንግዲህ ያቺን 29 ነው፡፡ አንዲት ዳርት ተንሸራታ ከሦስት እጥፉ ወጥታ ተራው 20 ላይ ብታርፍ 40 ነጥብ ጠፋ፤ ነገሩ አበቃ ማለት ነው፡፡ በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ 501ን በዘጠኝ የሚጨርሱ 3,944 የተለያዩ መንገዶች እንዳሉ ተቆጥሯል፡፡ ብዙዎቹ ተጫዋቾች የሚከተሉት ግን 180፣ እንደገና 180፣ ከዚያ 141 ነው፡፡ አንዳንድ የዳርት ሰዎች ይበልጥ የሚያደንቁት ደግሞ በየተራው 167፣ 167፣ 167 አግኝቶ መጨረስን ነው፡፡ ይኼ ለእኔ ቅንጦት ይመስለኛል፡፡

በሕግ ፋኩልቲ ሳለን «ኤ» ያገኘ ተማሪ እንኳ ከዚህ የተሻለ መልስ ነበር ሲባል ይሰማ ነበር፡፡ ሙያዬም ከዚያ ወዲህ ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ አላሳየኝም፡፡ በዘጠኝ የተጨረሰ ዙር ላይ ግን ይግባኝ የሚል ሰው የለም፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ሊኖር አይችልምና፡፡

ወደ ባለሆቴሉ ጥያቄ ልመለስ፡፡ «የእንግሊዝ ጨዋታ» ማለቱ በጋምቤላ ምድር ለየት ያለ ትርጉም አለው፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት ውል ከኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከ400 ሔክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ አከራይተው ነበር፡፡ ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ሆነ፡፡ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨርቅና ጨው አራግፈው የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፡፡ በውሉ መሠረት ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ተግባር እንዳይውል ተከልክሏል፤ ስለ ጨዋታ የሚል አንቀጽ ግን የለውም፡፡ ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፡፡ ስለዚህ ጋምቤላ ውስጥ «የእንግሊዝ» የሚባል ነገር ሁሉ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ቀልድ ነው፡፡

ዳርት በእርግጥም ያደገው በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ነው፡፡ ቁማር ነው የሚለው ክስ እዚያም ተነስቶበት እንደነበር ይተረካል፡፡ ትረካው እንዲህ ነው፤ በ1908 ሊድስ ከተማ ውስጥ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት የዕድል ጨዋታ አጫውተሃል ተብሎ ይከሰሳል፡፡ አናኪን የሚባል የታወቀ ወርዋሪ ጠርቶ ቦርዱን ችሎት ውስጥ ያሰቅላል፡፡ አናኪን ሦስት ዳርት ወርውሮ ሦስቱንም 20 ላይ ይተክላል፡፡ ከፍርድ ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ሲሞክር አቃተው፡፡ ዳኞቹም ይህ የዕድል ጨዋታ አይደለም ብለው ክሱን ዘጉት ይባላል፡፡ ታሪኩ ለሕግ ሰው ጆሮ ማር ነው፡፡ የሚያሳዝነው የመዝገብ ማስረጃ የሌለው መሆኑ ነው፤ መዝገብ የሌለውን ፍርድ ደግሞ እኔ ጠቅሼ መከራከር አልችልም፡፡

ደግነቱ በሊድስ ተረት ምትክ ሒሳብ አለልን፡፡ የቦርዱ ነጥብ የሚሰጥበት ክፍል ከእምብርቱ እስከ ውጨኛው ቀለበት ጠርዝ 170 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ የ20 ሦስት እጥፍ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ቁራጭ ናት፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አትሰፋም፡፡ ዓይኑን ጨፍኖ ቦርዱን ብቻ የሚመታ ሰው ያቺን ቁራጭ የሚያገኘው ከ350 አንዴ ነው፡፡ ይህንኑ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ያድርግ ቢባል በአንዱ መንገድ የመሳካት ዕድሉ ከ5 ቀጥሎ 22 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር አንዴ ገደማ ይሆናል፡፡ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሲወረውር የኖረ ሰው አያገኘውም፡፡ ዕድል ብቻውን የማይሠራውን ነገር የዕድል ጨዋታ ልንለው አንችልም፡፡

አሁን ደግሞ የሚያውቅበትን ሰው እንውሰድ፡፡ ከአሥር አንዴ የሚያገኝ፣ ማለትም ከመጠጥ ቤት ወርዋሪ ሻል ያለ ሰው፣ ዘጠኙን በተከታታይ የሚያገኘው ከአንድ ቢሊዮን ሙከራ አንዴ ነው፡፡ ከመቶ 40 የሚያገኝ ከ3,800 ያህል ሙከራ አንዴ፡፡ ከሁለት አንዴ የሚያገኝ ደግሞ ከ512 አንዴ፡፡ ልብ በሉ፤ ከአሥር እጅ አንድ ከነበረው ችሎታ ወደ አምስት እጅ ማደግ አምስት እጥፍ ብቻ ነው፡፡ ውጤቱ ግን ወደ ሁለት ሚሊዮን እጥፍ ተቀየረ፡፡ ዘጠኝ ውርወራ ትንሿን የእጅ ልዩነት አባዝቶ የሚያሳይ ሚዛን ነው፡፡ የቁጥሮቹ አደራደርም ለዚሁ የታሰበ ይመስላል፤ 20 በግራው 5፣ በቀኙ 1 ተቀምጠውለታል፡፡ ትንሽ የሳተ እጅ ብዙ ይቀጣል፡፡

በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እንግሊዛዊው ጆን ሎው ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1984 ስላው ከተማ ላይ ከኪት ዴለር ጋር ሲጫወት፡፡ ስድስት ጊዜ የ20 ሦስት እጥፍ፣ ከዚያ የ17 ሦስት እጥፍ፣ የ18 ሦስት እጥፍ፣ በመጨረሻ የ18 እጥፍ፡፡ 102,000 ፓውንድ ተሸለመበት፡፡ በ1990 በዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲንጋፖር የተወለደው ፖል ሊም ደገመው፡፡ ሊም ዋንጫውን አልወሰደም፤ ፊል ቴይለር ነው የወሰደው፡፡ ቴይለር ለሻምፒዮንነቱ 24,000 ፓውንድ ሲያገኝ ሊም ለዘጠኟ ውርወራ 52,000 ፓውንድ አገኘ፡፡

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ለንደን ውስጥ በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ የሆነው ነው፡፡ ሆላንዳዊው ማይክል ቫን ገርወንና እንግሊዛዊው ማይክል ስሚዝ በአንዲት ዙር ውስጥ ሁለቱም ስምንት ስምንት ዳርት ያለ እንከን ወረወሩ፡፡ የሁለቱም ዘጠነኛ ዳርት የምትፈልገው ያንኑ ቦታ፣ የ12ን እጥፍ ነበር፡፡ ቫን ገርወን ቀድሞ ወረወረ፤ ለጥቂት ሳተ፡፡ ስሚዝ ተከትሎ ወረወረና አገኘ፡፡ በኋላም 7 ለ 4 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፡፡ አንድ ቦርድ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ዒላማ፣ የደቂቃ ልዩነት የለም፡፡ እዚህ ላይ ዕድል ጨርሶ የለም ብዬ አልከራከርም፡፡ ነገር ግን ዕድል ድርሻ ያገኘችው ከአሥራ ስምንቱ ውርወራ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የደረሱትም በእጃቸው ነው፡፡

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ቦርዱ የሚሠራው ከቃጫ ነው፤ ዳርት ሲነቀል ቀዳዳው ተመልሶ የሚገጥመው በዚሁ የተነሳ ነው፡፡ ቃጫው ደግሞ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥም ይበቅላል፡፡ በዲሴምበር 2025 ኬንያዊው የእንስሳት ሐኪም ዴቪድ ሙንዩዋ ለንደን ሄዶ በዓለም ሻምፒዮናው የመጀመሪያ ዙር ቤልጂየማዊውን ማይክ ደ ዴከርን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 3 ለ 2 አሸንፏል፡፡ በእኛም አገር በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ዳርት ከዳማ ጎን ቦታ አግኝቷል፡፡ ነገር ግን ፑልና ከረምቡላ ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ዓይን ሲታዩ በኖሩባት አገር ባለሆቴሉ ቢፈራ አልፈርድበትም፡፡

ለባለሆቴሉ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፡፡ «ጨዋታው ቁማር አይደለም፡፡ ቢራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው» አልኩት፡፡ ሰው በእግር ኳስ ላይ ይወራረዳል፤ እግር ኳስ ግን በዚህ ምክንያት ቁማር ሆኖ አያውቅም፡፡ ልጁን ደግሞ ለብቻው ጠርቼ ስለ አንድ ቢሊዮኑ ነገርኩት፡፡ ሳቀና «ታዲያ ጋሼ፣ ሰውዬው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አለኝ፡፡ የሚያውቅ ይመስለኛል አልኩት፡፡ ውርርዱን ተወው፡፡

በማግስቱ ከባለሆቴሉ የአናጢ ሜትር ተውሰን ቦርዱን ለካነው፡፡ እምብርቱ ከወለል 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን ሲገባው ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፡፡ የመቆሚያው መስመር ከቦርዱ ፊት 2 ሜትር ከ37 መሆን ሲኖርበት ልጁ ሲወረውር የኖረው ከሁለት ሜትር ነው፡፡ አዲስ ሚስማር መታን፤ በጠመኔ አዲስ መስመር አሰመርን፡፡ የቁጥሮቹ የሽቦ ቀለበት ስለሚወልቅ ቦርዱን አዙረን፣ ቀለሙ እንዳይዛባ ሁለት ክፍል ገፋ አድርገን፣ 20ን ወዳልተጎዳ ቦታ አመጣነው፡፡ ባለሆቴሉ ወንበር ላይ ቆሞ ሚስማሩን ሲመታ ስለ ማውረድ ያለውን የረሳው መሰለኝ፡፡

ከአሮጌው መስመር ላይ ልጁ በማታው 501ን በ23 ዳርት ጨርሶ ነበር፡፡ ከአዲሱ መስመር የመጀመሪያው ሙከራ 34 ፈጀበት፤ ፊቱ ጠቆረ፡፡ አራተኛው ቀን ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ በበረንዳው ሳልፍ ግን ግድግዳው ላይ በጠመኔ 34 ተሰርዞ 31 ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዞ ከጎኑ 28 ተጽፏል፡፡