ከወጌሻው ደጅ እስከ ራጅ ክፍሉ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት «እስቲ ልጄ፣ ይችን አንብብልኝ» ብለው የሪፈር ወረቀት ዘረጉልኝ። የ15 ዓመት ልጃቸው ግራ ጉልበቱን በነጠላ ጠቅልሎ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ከሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ለይቼ ያነበብኩት አንድ ቃል ነበር፤ ኦስቲዮሳርኮማ። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። ከሰሜን ሸዋ እዚህ ድረስ ሲመጡ የልጃቸው ሕመም ምን ሊሆን እንደሚችል የነገራቸው የለም።

«ኳስ ሲጫወት የመታው ነው ያልነው» አሉኝ። «ወጌሻው በቅቤ አሸው፤ ቀለል ያለው መሰለን። ሌሊት ግን ጥርሱን ነክሶ ያነጋል። ጠበል ወሰድኩት። ደግሞ ወጌሻው ዘንድ መለስኩት። እብጠቱ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ።» ከዚያ ልጁ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግሩን እንቆርጣለን ካሉኝ ይዤው ነው የምመለስ። በምን ያርሳል? እግር ለሌለው ማን ልጁን ይድራል?»

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ስለ ሳርኮማ ባለሙያ እየፈለግሁ እንድጠይቅ ያደረገኝም እሱ ነው። ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብና ከመሳሰሉት የሚነሣ ካንሰር ሲሆን ከ70 በላይ ዓይነት አለው። ከአዋቂዎች ካንሰር 1 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ብዙ ጤና ባለሙያ በሥራ ዘመኑ የሚያየው ጥቂት ነው። በልጆች ላይ ድርሻው ከፍ ይላል። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንቱ ዓይነት በአብዛኛው ልጅ ቁመት በሚመዝበት ዕድሜ፣ አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት ቦታ፣ ከጉልበት በላይና በታች ይወጣል። ያ ዕድሜ የኳስና የመውደቅ ዕድሜ ነው። ምቱ በሽታውን አያመጣውም፤ ሰበብ ሆኖ ይሸፍነዋል።

የበሽታውን ታሪክ ሳገላብጥ ከካናዳዊው ወጣት ከቴሪ ፎክስ መላቀቅ አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። የመዳን ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ታሞ ቢሆን ግን 15 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር ተነገረው። ልዩነቱን ያመጣው ምርምር መሆኑ ገባውና በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ሊያሰባስብ በሰው ሠራሽ እግሩ ካናዳን ለማቋረጥ ተነሣ። በየቀኑ ማራቶን የሚያህል እየሮጠ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ሲገኝ ሩጫው ቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ።

በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሕክምና ነው። ቀድሞ እግር ተቆርጦም አብዛኛው ሕመምተኛ ይሞት ነበር፤ በራጅ የማይታይ ካንሰር አስቀድሞ ሳንባ ገብቶ ይቆያልና። በ1970ዎቹ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት ሰው ሊገድል በሚችል መጠን ሰጥተው ከሰዓታት በኋላ በማርከሻ ሕመምተኛውን ማትረፍ ጀመሩ። ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲንም ተጨመሩ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት አገር ሳይሠራጭ ከተደረሰባቸው 10 ሕሙማን ስድስት ሰባቱ ይድናሉ። ሳንባ ከገባ በኋላ ሲገኝ ግን የሚድኑት ከ10 ሦስት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። በጊዜ ለደረሱት ብዙ ጊዜ እግሩ ሳይቆረጥ የታመመው አጥንት ብቻ ወጥቶ በብረት ይተካል። ሌላም ዘዴ አለ። የታመመው ጉልበት ይወጣና የታችኛው እግር ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ላይ ከጭኑ ጋር ይገጠማል፤ ተረከዙ ወደ ፊት ይዞራል፤ ቁርጭምጭሚቱ የጉልበትን ሥራ ይሠራል። ለዓይን ይከብዳል፤ ልጁ ግን ሰው ሠራሽ እግር አስሮበት ይሮጣል።

ሜቶትሬክሴት በደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ ካልተሰጠ አደገኛ ነው። መለኪያው በሌለባቸው ድሃ አገሮች ሐኪሞች በቀሩት ሁለት መድኃኒቶች ያክማሉ። እኛ ዘንድ እነሱም ሲጠፉ ቤተሰብ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ኬሞ ወራት ስለሚፈጅ ማደሪያም ያስፈልጋል፤ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ካንሰር ለያዛቸው ልጆችና ለወላጆቻቸው አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ መስጠቱ ለዚህ ነው።

ወጌሻውን አልኮንንም። የአጥንት ሐኪም ሩቅ በሆነበት አገር ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ዋጋው አይከብድም። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ዘንድ ከሆነ መጀመሪያ መማር ያለበትም እሱ ነው። ስብራት የሌለውን እብጠት እንዳያሽ፣ እንዳያስር፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ለማስተማር የተያዘ ዕቅድ እንዳለ አንድ የመንግሥት ጤና ኃላፊ ጠየቅሁ። «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። ከዚያ ወዲያ ስልካቸውን አላነሡም።

የእናትየውን ፍርሃት ያነሣሁበት አንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ግን ሳያመነታ መለሰልኝ፤ «እግሩ ተቆርጦ የዳነ ልጅ ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል። ይዘውት የተመለሱት ግን ሳንባው ታሞ ነው የሚመጣው።»

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ጉልበት ወይም ትከሻ አካባቢ አብጦ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሕመሙም ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ምቱን ብታስታውሱም እንኳ አታሳሹት። ራጅ እንዲነሣ አድርጉ።