በሰውነት ውስጥ የሚገኙ ኬሚካሎች ልኬት፦ ከኮምፒውተር ትንተና በፊት መስተካከል የሚገባቸው ጉዳዮች

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዋጃ፣ እንደ መላው የራያ ቆላ፣ ሙቀት የሚበረታባት የእርሻ አካባቢ ናት። በቆላው ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረታሉ፤ ፀረ ተባይ ኬሚካልም ይረጫል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚረጨው ሰው ምን ያህል እንደተጋለጠ ለማወቅ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ፣ ኦርጋኖፎስፌት በሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ የሚወጡትን ውሁዶች በሽንት ውስጥ መለካት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች በእናት ጡት ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱን ማመልከቱ ይታወሳል።

ይሁን እንጂ ላቦራቶሪው በትክክል የለካው ቁጥር በትንተናው ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ኤፒ ኢንፎም ሆነ ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። በመሆኑም የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች አስቀድመው መወሰን አለባቸው።

1. የሽንት መወፈርና መቅጠን

በቆላ ሙቀት ሲሠራ የዋለ ሰው ሽንቱ ይወፍራል። ለምሳሌ የአንዱ ገበሬ ውጤት በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ክሬአቲኒኑ በሊትር 2.5 ግራም ነው እንበል። የሌላው 5 ማይክሮግራም፣ ክሬአቲኒኑም 0.5 ግራም ይሁን። ሲካፈል የመጀመሪያው በአንድ ግራም ክሬአቲኒን 4፣ ሁለተኛው 10 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ክሬአቲኒን በሊትር ከ0.3 በታች ወይም ከ3 ግራም በላይ ከሆነ ናሙናው እንደገና ቢወሰድ ይመረጣል። በምግብ እጥረት ጡንቻው የከሳ ሰው ክሬአቲኒኑ ስለሚያንስ ውጤቱ ያለአግባብ ከፍ ይላል፤ ለእርሱ በስፔሲፊክ ግራቪቲ ማስተካከል ይሻላል።

2. መሣሪያው ሊለካው ያልቻለ መጠን

«አልተገኘም» የሚለው ውጤት ዜሮ ተብሎ ከተመዘገበ ሎጋሪዝም ስለሌለው ከስሌቱ ይወጣል፤ የቀሪዎቹም ጂኦሜትሪክ አማካይ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። የተለመደው አሠራር የመሣሪያውን ዝቅተኛ የመለኪያ ወሰን ለ1.41 አካፍሎ መተካት ነው፤ ወሰኑ 0.5 ቢሆን 0.35 ይገባል። ከናሙናዎቹ ብዙዎቹ ከወሰኑ በታች ከሆኑ ግን አማካዩን መተው ይገባል። ጨርሶ ያልተመረመረ ናሙና ሌላ መለያ ይሰጠዋል።

3. የዘመን አቆጣጠር

ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የሚያውቁት የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው፤ 13ኛውን ወር አይቀበሉም። የልደት ቀን በእኛ፣ የናሙና ቀን በእነርሱ ከተመዘገበ ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል። በዚህም የ4 ዓመት ሕፃን የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ከሌላ የዕድሜ ክልል ጋር ይነጻጸራል።

በአጠቃላይ የተወሰዱት ውሳኔዎች ሁሉ ከውጤቱ ጋር በጽሑፍ ሊያያዙ ይገባል። በስህተት የተሰላ ቁጥር የተጋለጠውን ሰው «ደኅና ነህ» ብሎ ወደ ርጭቱ ይመልሰዋል። የሽንት ውጤት መጋለጥን እንጂ መመረዝን አያረጋግጥም፤ የመመረዝ ምልክት የታየበት ሕመምተኛ ውጤት ሳይጠበቅ መታከም አለበት።